ለጀልባ ተሳቢ የትኛው ጎማ ይሻላል፤ ኤስቲ ወይስ ኤልቲ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ባለ አንድ አክስል የጀልባ ተሳቢ አለኝ፤ ሰባት ሜትር ገደማ የምትረዝም የፋይበር ጀልባ ከነሞተሯ ትጫንበታለች። የምንጎትተው በደብል ጋቢና ፒካፕ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥተን በወረታና በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ቁንዝላ እንሄዳለን። ተሳቢው ከውጭ ሲገባ አብሮት የመጣው ጎማ በጎኑ ላይ «ኤስቲ 205/75 አር 15» የሚል ጽሑፍና «የጭነት ደረጃ ሲ» የሚል ምልክት አለበት። ጥርሱ ገና ያልተበላ ቢሆንም በጎኑ በኩል ቀጫጭን ስንጥቆች ስለታዩበት ሁለቱንም ለመቀየር ወስኛለሁ።

የከተማውን ጎማ ሻጮች ሳዳርስ ኤስቲ የሚባለውን የሚያውቅ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ዘንድ ያለው አንድ ጥንድ ነው። ሌሎቹ የሚያቀርቡልኝ ለቀላል ጭነት መኪና የሚሆነውን ኤልቲ፣ ወይም የሚኒባሱን 195 አር 15 ሲ ነው። አንደኛው ሻጭ «ተሳቢ ሞተር የለው፣ መሪ የለው፤ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይበቃዋል» አለኝ። እውነት ይበቃዋል? ልዩነቱ የስም ነው ወይስ የሥራ?

የጣና መካኒክ

ሰላም ወንድሜ። ሻጩ የነገረዎት ነገር ግማሹ ልክ ነው፤ ተሳቢ ሞተርም መሪም የለውም። ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ልክ አይደለም።

ኤስቲ የሚለው ምልክት ጎማው ለተሳቢ ብቻ መሠራቱን፣ ኤልቲ ደግሞ ለቀላል ጭነት መኪና መሠራቱን ያመለክታል። ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ አመዳደብ ናቸው። በእኛ አገር ሚኒባሶችና ፒካፖች ላይ የምናያቸው ጎማዎች በአብዛኛው በሌላ አመዳደብ የተሠሩ ስለሆኑ ከቸርኬው ቁጥር ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል ይዘው ይመጣሉ፤ ይህም ለንግድ ጭነት የተጠናከሩ መሆናቸውን ይናገራል። የእርስዎ ጎማ ላይ «የጭነት ደረጃ» ከሚለው ጋር የተጻፈችው «ሲ» ግን ሌላ ናት፤ እሷ የምትለው ጎማው ባለ 6 ፕላይ (የውስጥ ድርብ) ጥንካሬ ያለውና ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው በ50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መሆኑን ነው። ደረጃ ዲ ባለ 8 ፕላይ ሆኖ በ65፣ ደረጃ ኢ ደግሞ ባለ 10 ፕላይ ሆኖ በ80 ፒኤስአይ ይሞላል።

ወደ ሥራቸው ስንመጣ፣ የመኪና ጎማ ይጎትታል፣ ይጠመዘዛል፣ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን ይቆነጥጣል፣ በዚያ ላይ ተሳፋሪው እንዳይንገጫገጭ ጎኑ እየተለጠጠ መመለስ አለበት። የተሳቢ ጎማ ይህ ሁሉ አይጠበቅበትም፤ ሸክሙን ተሸክሞ ይከተላል። ስለዚህ ኤስቲ ሲሠራ ጎኑ ጠንከር ተደርጎ፣ ከላይ ያለው ሸክም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይወዛወዝ ይደረጋል። በዚያው ምክንያት ኤስቲን በሚጎትተው መኪና ላይ መግጠም አይፈቀድም፤ ለመሪና ለጉተታ አልተሠራምና።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ በቁጥር ላሳይ። ኤስቲ 235/80 አር 16 ደረጃ ኢ በ80 ፒኤስአይ 1550 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በመጠን የሚቀራረበው ኤልቲ 235/85 አር 16 ደረጃ ኢ ግን በዚያው በ80 ፒኤስአይ የተፈቀደለት 1380 ኪሎ ግራም ነው። የ170 ኪሎው ልዩነት የመጣው ኤስቲው በአሠራሩ ያን ያህል ስለበለጠ ብቻ አይደለም። የኤስቲ የጭነት ሠንጠረዥ የተሰላው ተሳቢው በሰዓት ከ65 ማይል፣ ማለትም ከ105 ኪሎ ሜትር ገደማ አይበልጥም ተብሎ ነው፤ ፍጥነቱ ሲገደብ በጎማው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ስለሚቀንስ ሸክሙ ከፍ ተደርጎለታል። ኤልቲው ደግሞ ከዚያ በላይ እየሮጠና እየጎተተ እንዲሠራ ስለታሰበ መጠባበቂያው ሰፋ ተደርጎ ተትቷል። አሁን አሁን የሚወጡት ኤስቲዎች ኤል፣ ኤም ወይም ኤን የሚል የፍጥነት ፊደል ይዘው እስከ 120፣ 130 ወይም 140 ኪሎ ሜትር ይፈቀድላቸዋል፤ ነገር ግን ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት በሚሻገርበት የወረታ መንገድ ላይ ጀልባ እየጎተተ 100 የሚነዳ ሰው ጎማውን ሳይሆን ራሱን ቢያስመረምር ይሻላል።

ስለዚህ እኔ ፊደሉን የማየው ጭነቱንና የተመረተበትን ቀን ካየሁ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ተሳቢው ከነጀልባው፣ ከነነዳጁና ከነዕቃው ስንት ኪሎ ነው? ያንን ሳናውቅ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ግምት ነው የሚሆነው።

የወረታው

እኔ ከፎገራ ማሳ ሩዝ በተሳቢ ስለማመላለስ ከልምድ የማውቀውን ልናገር። የእኛ መንገድ አስፋልት ብቻ አይደለም፤ ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ሐይቁ በኩል ሲገቡ ጠጠርና ጥቁር አፈር ነው። በዚህ ላይ የሚያዋጣው 7.50-16 የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ ስለታም ድንጋይ ቶሎ አይበሳውም፣ ቢበሳም ወረታ ላይ የማይጠግነው ጎሚስታ የለም። ኤስቲ የሚባለውን ጎማ ተለዋጭ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የምንደዋውል ከሆነ ምኑን ጎማ ሆነ? በክረምት ጭቃ ውስጥ ተሳቢ ቆሞብዎት ያድርና ያን ጊዜ ያዩታል።

ቁልቁለት

ወንድሜ የወረታው፣ በትራክተር ፍጥነት ለሚሄድ የሩዝ ተሳቢ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ጠያቂው ግን በአስፋልት ላይ 80 የሚሄድ፣ ከፍ ብሎ ንፋስ የሚመታው ጀልባ ነው የያዙት።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ ተሳቢ ስለምነዳ የጎን ጥንካሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጎኑ የሚልመጠመጥ ጎማ የተገጠመለት ተሳቢ፣ ትልቅ አውቶቡስ ሲያልፈው ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ይብስበታል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ የሚያወርድ ነው፤ እየወረዱ በሄዱ ቁጥር በረሃው ይግላል፣ የተሳቢው ፍሬን ይግላል፣ የፍሬኑ ሙቀት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ንፋሱ የጎደለ ጎማ ካለ ይፈነዳል። የመኪናዎ ጎማ ሲተነፍስ በመሪው ይሰማዎታል፤ የተሳቢው ጎማ ግን ጭስ በመስታወት እስኪታይ ድረስ ምንም አይነግርዎትም። እኔ የሚገኝ ከሆነ ኤስቲ ይሁን ባይ ነኝ።

የጣና መካኒክ

ስለ ውዝዋዜው ከቁልቁለት ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን መንሥኤው ጎማው ብቻ አይደለም። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመጎተቻው ጫፍ ላይ ካላረፈ፣ ማለትም ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከተጫነች፣ በኤስቲም ቢሆን ተሳቢው ይወዛወዛል። ደረጃው ከፍ ያለ ኤልቲ ወይም ሲ ጎማ በተገቢው ንፋስ ሲሞላ ጎኑ በቂ ጥንካሬ ይኖረዋል። ኤልቲ ገዝተው እንደ ፒካፕ ጎማ 35 ፒኤስአይ የሚሞሉት ናቸው ስሙን የሚያስጠፉት።

ለየወረታው ደግሞ፣ ወፍራምና ለጭቃ የተከፋፈለ ጥርስ በአስፋልት ላይ እየተላወሰ ሙቀት ያመነጫል። ጠያቂው ኤልቲ የሚገዙ ከሆነ ጥርሱ ቀጥ ባለ መስመር የተቀረጸውን፣ ለአስፋልት የሚሆነውን ይምረጡ።

ባለ ክሪክ

እንደምን ዋላችሁ። በባሕር ዳር ጎሚስታ ነኝ፤ የጀልባ ተሳቢዎች ወደ እኔ ይመጣሉና የማየውን ልጻፍ።

የተሳቢ ጎማ በጥርሱ ማለቅ ምክንያት ወደ እኔ ሲመጣ አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም። የሚመጣው በፀሐይ ደርቆ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ወይም ንፋሱ ጎድሎ ለወራት በአንድ ቦታ ቆሞ ሆዱ ጠፍጥፎ ነው። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት በጎኑ ላይ ዶት ከሚሉት ፊደላት በኋላ የሚመጡትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ቁጥሩ በአንደኛው ጎን ብቻ የሚታተምበት ጊዜ ስላለ፣ ካጣችሁት ጎማውን ገልብጣችሁ እዩ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ሻጭ «የ2016 ስሪት ነው» ሲላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት፤ በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት ሊጠፋ ይችላል። የተሳቢ ጎማ ከተመረተ ስድስት ዓመት ካለፈው፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ቢቆይም እኔ ለረጅም መንገድ አልገጥመውም።

ሁለተኛው ነገር ቸርኬው ነው። የጀልባ ተሳቢ ሐይቅ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ከንፈር ላይ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቶ ይገኛል። አዲስ ጎማ እዚያ ላይ ሲገጠም ንፋሱ በቅርፊቱ ሥር እየሾለከ በቀን ጥቂት በጥቂት ይጎድላል፤ ባለቤቱም «ጎማው ብልሽት አለበት» ብሎ ይመልሰዋል። ቅርፊቱ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪነጣ ድረስ መፋቅ፣ ከዚያም መቀባት አለበት። ይህን መልፋት የሚጠሉ ሰዎች ውስጡ ካላማዳሪ ያስገባሉ። ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ በተሠራ ራዲያል (በመጠኑ ላይ «አር» ያለበት) ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ማስገባት ደግሞ በመካከሉ መፋተግንና ሙቀትን ያመጣል፤ ለከተማ ውስጥ ካልሆነ ለጎርጎራ መንገድ አልመክርም።

ሦስተኛው ቫልቩ ነው። ተራው የጎማ ቫልቭ ከ65 ፒኤስአይ በላይ እንዲይዝ አልተሠራም። 80 የሚሞላ ደረጃ ኢ ጎማ ከገዛችሁ በዳዶ የሚታሰረውን የብረት ቫልቭ አስገጥሙ፤ ቸርኬው ራሱም የሚችለው ግፊትና ጭነት ብዙ ጊዜ በላዩ ስለሚታተም አንብቡት። ጠንካራ ጎማ ገዝቶ ደካማ ቸርኬ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ክሪክ ባሉት መሠረት ወደ ሻጩ ተመልሼ ኤስቲውን ጥንድ አየሁት፤ ቁጥሩ 3416 ይላል። 34ኛው ሳምንት፣ 2016 በፈረንጆቹ ከሆነ በእኛ ነሐሴ 2008 መሆኑ ነው። ጎማው አንድም ቀን መንገድ ሳይነካ ላስቲኩ ጠቁሮ ሲያብለጨልጭ አዲስ ይመስላል፤ ጥርሱን በጣቴ ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ግን በሥሩ ስንጥቅ አሳየኝ።

ተሳቢውንም ጀልባዋን፣ ሞተሩን፣ ሙሉ ነዳጅና የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ጭኜ ወደ ምድር ሚዛን ወሰድኩት። ከመኪናው ተፈትቶ በጠቅላላው 1640 ኪሎ ሆነ። ከመኪናው ጋር ተያይዞ ጎማዎቹ ብቻ በሚዛኑ ላይ ሲያርፉ 1510፤ ስለዚህ 130 ኪሎው በመጎተቻው ላይ ነው ማለት ነው። የሚዛኑ ሠራተኛ ተባብሮኝ አንዱን ጎን ብቻ ስናቆም ግራው 790፣ ቀኙ 720 መዘነ። ባትሪውና የነዳጅ ታንኩ በግራ በኩል ስለሆኑ ይመስለኛል።

የጣና መካኒክ

በጣም ጥሩ ሥራ ነው የሠሩት፤ እያንዳንዱን ጎን ለይቶ መመዘን ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ነው። አሁን ግምት ቀረ። በመጎተቻው ላይ ያረፈው 130 ኪሎ ግን ከጠቅላላው ከመቶ 8 ገደማ ነው፤ ቀደም ብዬ ካልኩት 10 በታች ስለሆነ ጀልባዋን ትንሽ ወደ ፊት ያስጠጓት።

ከባዱ ጎን 790 ኪሎ ነው። የቀድሞው ጎማዎ፣ ኤስቲ 205/75 አር 15 ደረጃ ሲ፣ በ50 ፒኤስአይ የሚሸከመው 825 ኪሎ ነው። ይህ ማለት ጎማው አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳ ከአቅሙ ከመቶ 96 እየተሸከመ ነበር፤ ንፋሱ 45 ሲደርስ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ስንጥቁን ያመጣው ዕድሜና ፀሐይ ቢሆንም ሸክሙም አላገዘውም። በዚያው መጠን ደረጃ ዲ ቢገኝ በ65 ፒኤስአይ 975 ኪሎ ስለሚችል ከመቶ 81 ላይ ያስቀምጥዎታል፤ እኔ ከመቶ 15 እስከ 20 መጠባበቂያ እንዲኖር ስለምፈልግ ያ ይስማማኛል።

ሚኒባሱ የሚጠቀምበት 195 አር 15 ሲ ባለ 8 ፕላይ ደግሞ በጎኑ 106/104 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ለብቻው ሲገጠም 950 ኪሎ፣ ሁለተኛው እንደ ጭነት መኪና የኋላ ጎማ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲገጠም 900 ኪሎ እያንዳንዱ እንደሚሸከም ይናገራል። የእርስዎ ተሳቢ በየጎኑ አንድ ጎማ ስላለው 950ውን ይይዛሉ፤ 790 ከዚያ ላይ ከመቶ 83 ነው። ይህም 950 የተሰጠው ከተሳቢ ፍጥነት እጅግ በላይ ለሚሮጥ ሚኒባስ ስለሆነ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ለሚጎተት ጀልባ ያለው እውነተኛ መጠባበቂያ ከቁጥሩ ይሰፋል። ሙሉ ጭነቱን የሚይዘው በ65 ፒኤስአይ ነው፤ ሚኒባሶቹ በሚሞሉት ልክ ሳይሆን በዚያ ልክ ይሙሉት።

ቁመቱ ከቀድሞው በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይበልጣል፤ በመከላከያው ቆርቆሮና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ሲተኛ አስበው ይለኩት። ለ5 ተኩል ኢንች ቸርኬ ትክክለኛው መጠን ነው።

እንግዲህ ምርጫው ከስምንት ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ኤስቲና ከቅርብ ጊዜ የሚኒባስ ጎማ መካከል ከሆነ፣ እኔ ያለ ማመንታት የሚኒባሱን እወስዳለሁ። ትኩስ ኤስቲ ደረጃ ዲ ቢገኝ ኖሮ እሱን አስቀድም ነበር።

ቁልቁለት

ለ3416 ጎማ ልከራከር አልችልም፤ ከዚህ በኋላ በመካኒኩ ሐሳብ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን ለኩ። ወረታ ደርሳችሁ ስትለኩት ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት፤ ሙቀቱ ነው ያነሣው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለዋወጥ የ65 ፒኤስአይ ጎማ በ2 ወይም በ3 ከፍ ዝቅ ማለቱ ጤነኛ ነገር ነው።

የወረታው

እኔም የመካኒኩን ሒሳብ ተቀብያለሁ፤ የሚኒባስ ጎማ ስለሆነ ወረታም አዲስ ዘመንም ይገኛል። ለእኔ ተሳቢ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለ ሁለት አክስል ነው፤ አንዱ ጎማ ብቻ ስለተበላሸ ሦስቱን ናይለን (ራዲያል ያልሆነውን፣ ክሩ ሰያፍ የተሠራውን) ትቼ አንዱን ራዲያል ባደርገውስ?

ባለ ክሪክ

አይሆንም፤ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ናይለንና ራዲያል አይደባለቁ። ከተቻለ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ በጠባብ ቦታ ሲጠመዘዝ ጎማዎቹ በመሬት ላይ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ ሲጠመዘዝ ከኋላ ቆማችሁ ብታዩ ጎማው ከቸርኬው ሥር ሊወጣ የሚታገል ይመስላል። በዚህ ጊዜ አንዱ ለስላሳ ሌላው ጠንካራ ከሆነ ጠንካራው የሁሉንም ጫና ይሸከማል። የኤስቲ ጠንካራ ጎን በእውነት የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ተሳቢ ላይ ነው።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

195 አር 15 ሲ ባለ 8 ፕላይ፣ የዘንድሮ ቁጥር ያለው፣ ሦስት ገዝቻለሁ፤ ሦስተኛው ለስኮርታ ነው። የፒካፑ ስኮርታ ለተሳቢው እንዲያገለግል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የፒካፑ ቸርኬ ባለ ስድስት ቡሎን፣ የተሳቢው ባለ አምስት ስለሆነ አልሆነም። አሮጌውን ኤስቲ ግን ለስኮርታ ይዤው ብሄድ ምን ይላችኋል? ለጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ባለ ክሪክ

አሮጌውን እዚሁ ይተዉት፤ አዲስ ስኮርታ ገዝተው የተሰነጠቀ ጎማ ለምን ይሸከማሉ? ቸርኬዎቹን ፍቄ እገጥምልዎታለሁ፤ 65 ስለሆነ ተራው ቫልቭ እስከ ጫፉ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የብረቱን እናስገባ። ከተገጠመ በኋላ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቋቸው፤ አዲስ ቀለም በተቀባ ቸርኬ ላይ ይላላሉ። ወረታን አልፈው አዲስ ዘመን አካባቢ ሲደርሱ ቆም ብለው ቢያጠብቁ ልኩ ነው፤ እግረ መንገድዎንም የቸርኬውን መካከለኛ ክፍል በእጅዎ ይዳስሱት፣ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታውን ወይም ፍሬኑን ሳያዩ አይቀጥሉ። ክረምት ሲገባና ተሳቢው ለረጅም ጊዜ ሲቆም ደግሞ በክሪክ አንሥተው ከአክስሉ ሥር እንጨት ይደግፉበት፣ ጎማዎቹንም ከፀሐይ ይሸፍኗቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለማይበዛ ያን ጊዜ ይምጡ።